ነጠላዋ በፌስታል

ካዛንቺስ ሳለን ክረምት በወጣ ቁጥር የጥቁሩ ውሻችን ጸጉር ይረግፍ ነበር። በየጠዋቱ በሚዶ አበጥረዋለሁ፣ ግቢውን እጠርጋለሁ። ምን ዋጋ አለው! ንፋሱ መልሶ ቤት ያስገባዋል። እናቴ ደግሞ የውሻ ጸጉር ይዛ ቤተክርስቲያን አትገባም። ነጭ ነጠላዋን በፌስታል ቋጥራ ትወጣና የቤተክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ ትለብሰዋለች። እኔም በንዴት "ይሄን ውሻ አንድ ቀን እጥለዋለሁ!" እያልኩ እፎክር ነበር።

ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ውሻ ማስገባት አይቻልም ተባልን። ፍርስራሹ ላይ ጥለነው መጣን።

ባለፈው እሁድ እናቴ እንደ ድሮው ነጠላዋን በፌስታል ስትቋጥር አየኋት።

"እማዬ፣ አሁን እኮ እዚሁ መልበስ ትችያለሽ" አልኳት።

አውጥታ ዘረጋችው፤ መስኮቱ ጋ ወስዳ አገላብጣ አየችው። አንድም ጸጉር የለበትም። አልጋው ላይ ቁጭ አለች። የዚያን ቀን ቤተክርስቲያን አልሄደችም።