አፋቸውን የሸፈኑት ሽማግሌ

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ቁስቋም ልጅ ሳለሁ ጅብ ጮኸ ከተባለ መጀመሪያ እናቴ ጉያ የምገባው እኔ ነበርኩ። አዲ አርቃይ የፈራሁትን ያህል ግን በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ጎንደር የጤና ሙያ የምንማር ልጆች ለልምምድ በቡድን ሆነን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንላክ ነበር። አዲ አርቃይ የደረሰን እኛ ሦስት ነን፤ ለጤና መኮንንነት የሚማር አንድ ጉረኛ፣ የውሃና የመጸዳጃ ነገር የሚያጠና አንድ ዝምተኛ፣ እኔ ደግሞ ነርስ ልሆን። በላያችን አማርኛ የምትችል ፈረንጅ አስተማሪ አለች። ክፉ አይደለችም፤ ስትቆጣ ግን አያድርስ ነው። የዚያን ሰሞን የምታሠለጥነን የአረጋውያንን አያያዝ ነበር። "ሽማግሌ ሕመሙን አይናገርም፤ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ" ትለናለች። እሷ ራሷ ቀስ ማለት አልፈጠረባትም እንጂ!

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ በቃሬዛ መጡ። የተሸከሟቸው ልጆቻቸው ናቸው፤ የበኩሩ ጠብመንጃ አንግቷል። ሽማግሌው ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ገላቸው እሳት ነው፣ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፍነዋል። አስተማሪያችን ደረታቸውን አዳመጠችና፣ "የሳምባ ምች ነው። ፔኒሲሊን ካልተወጉ የሚያድሩ አይመስለኝም፤ ቶሎ በይ!" አለችኝ።

መርፌው ተቀቅሏል፣ መድኃኒቱንም ስቤያለሁ። ዓይኔ ግን ከነጠላው አልነቀል አለ። አስተማሪያችን ለሳል የሸፈኑት መስሏት ልትገልጠው ስትል ሽማግሌው በዚያ ድካማቸው በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙት። ያኔ ገባኝ። የቄስ ልጅ ነኝ እኮ!

"አያ፣ ቆርበዋል እንዴ?" አልኳቸው።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

"ከቅዳሴ ነው ያመጣናቸው። መጀመሪያ ነፍሳቸው ትሰናዳ ብለን" አለ የበኩር ልጃቸው። ወዲያው መርፌውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። "ምነው? በዚህ ልትወጊያቸው ነው? ዛሬ የአባቴን ደም የሚያፈስ ካለ ይምጣ!"

የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይደማም፣ አይተፋም፣ አያስመልስም። ይህን ለአስተማሪያችን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ሲነጋ ሞተው ብናገኛቸውስ?" ብቻ አለችኝ፤ እሱ ከቁጣዋ ባሰብኝ። ብወጋ እግዜርም ጠብመንጃም አለ፤ ብተው ሽማግሌው ሊሞቱብኝ ነው። ጉረኛው ጓደኛችን በር በሩን ያያል።

"የሚዋጠውን እንስጣቸው። ነገ ጠዋት እወጋቸዋለሁ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስልሽ አለኝ።

አስተማሪያችን ሽማግሌውን ደግማ ደግማ አየቻቸው። ከዚያ ሰልፋ የሚባለውን የሚዋጥ ኪኒን ራሷ ትወቅጠው ጀመር።

ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ ምን መገላገል! ያ ኪኒን ሆድ ይገለብጣል። ቢያስመልሳቸውስ? ቅዱስ ቁርባኑን ይዞት ቢወጣስ? በማንኪያ ባጎረስኳቸው ቁጥር ዓይኔ ጉሮሯቸው ላይ ነው፤ እስኪውጡ እኔም አልተነፍስም። ከሰዓት በኋላ አንዴ እውነትም ተናነቃቸው። አፋቸውን በነጠላው ጥርቅም አድርገው ያዙ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ልጃቸው ዘሎ ተነሣ። እኔ ግንባራቸውን ደግፌ፣ "በእመቤቴ ይዤዎታለሁ አያ፣ በእመቤቴ!" እላለሁ። ከመድኃኒት አሰጣጥ የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ጠፍቶ ስለት ስሳል ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ዋጡት።

ሲነጋ ትንፋሻቸው እንደዚያው ያጥር ነበር፤ ግን አሉ። መርፌዬን ይዤ ስመጣ ማንም ሳይነግራቸው ጎናቸውን አዞሩልኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየተወጉ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ።

ቁጭ ብለው አጥሚት መጠጣት ሲጀምሩ ድፍረት አገኘሁና፣ "አያ፣ የዚያን ዕለት በድንጋጤ ሊገድሉኝ ነበር እኮ!" አልኳቸው።

ሣቅ አሉ። ከዚያ አጥሚቱን አስቀመጡ።

"እኔስ ልጄ? ሞቱን እንኳ ተናዝዤ፣ ቆርቤ ጨርሼው ነበር። እዚያ ቃሬዛ ላይ ሆኜ የፈራሁት እናንተን ነው።"