ጋሽ ማስመሪያና የሲስተር ባነር

አባቴ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚያሰምር ሰፈሩ «ጋሽ ማስመሪያ» ይለዋል። ዳቦ ቤቱም፣ ጫማ ሰፊውም፣ የጥርስ ሐኪሙም በራቸው ላይ የእሱ እጅ አለበት። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ይሄ የአባዬ፣ ይሄም የአባዬ» እያልኩ ነበር የማልፈው።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ ህትመት ቤት ሄዱ፤ እሱም ቡሩሽ ሲያጥብ ይውል ጀመር። ሥራ እንደያዝኩ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቼ፣ የሥዕል ፕሮግራም ጭኜ ሰጠሁት። ላስተምረውም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማውዙን እንደ ቡሩሽ በሦስት ጣቱ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ፕሮግራሙ ሥዕሉን በተደራረቡ ገጾች፣ በላየር፣ ከፋፍሎ ያሠራል፤ እሱ ግን ሁሉንም ነገር አንድ ላየር ላይ ስለሚሠራ፣ የተሳሳተ ፊደል ሲያጠፋ ከሥሩ ያለው ሥዕል አብሮ ይጠፋል።

«አባዬ፣ ስንቴ ልንገርህ? ለእያንዳንዱ አዲስ ላየር ክፈት አላልኩህም?»

በሦስተኛው ቀን ይህን ስለው ቤት ውስጥ እንግዶች ነበሩ። ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ኮምፒዩተሩ ምንም አላነሳብኝም። «እንዴት ነው?» ስለው «ለምጄዋለሁ» ይለኛል፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተውኩት።

ያን ዓመት የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ጡረታ ወጡ። ሲስተር ነው የምንላቸው። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱ፣ እኔንም ስወለድ በእግሬ ብመጣ በብልሃት ያወጡኝ ሴት ናቸው። ሽኝቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች ለአዳራሹ ትልቅ ባነር ፈልገው አባቴ ጋ መጡ።

«ጋሼ፣ በኮምፒዩተር ይሠራሉ አሉ፤ እውነት ነው?»

«እንዴታ» አለ አባቴ።

የሰጡት ፎቶ ከቡድን ፎቶ ላይ ተቆርጦ የወጣ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነበር። ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባና ጥጉን ይዞ ለጠጠው። ከወንበሩ ራቅ ብሎ ሲያየው ቁርጥ ሲስተርን መሰለው። ፋይሉን ይዞ ህትመት ቤት ሄደ። ማሽኑ ላይ የምትሠራው ልጅ አየችና፣

«ጋሼ፣ ፎቶው በጣም ትንሽ ነው። ሦስት ሜትር ሲሆን ይሰባበራል። ሌላ የለዎትም?» አለችው።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው ይህን ሥራ የጀመርኩት። ዝም ብለሽ አትሚ።»

አተመች።

በሽኝቱ ቀን ባነሩ ተጠቅልሎ ከመድረኩ በላይ ተሰቅሏል። ሲስተር ገብተው እንደተቀመጡ ገመዱ ተፈታና ባነሩ ቁልቁል ተዘረጋ። ፊት የለም። ያለው ካሬ በካሬ ላይ ነው፤ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ሮዝ። አንድ ዓይናቸው ሁለት ጥቁር ካሬ፣ አፋቸው አንድ ረድፍ ጡብ። ከኋላ አንዱ «ሲስተርን በሴራሚክ ነው እንዴ የሠሯቸው?» አለ፤ ሳቁ እስከ ፊት ወንበር ተዛመተ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ወደ እኔ ዞር ብላ «ማነው የሠራው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

አባቴ ከኋላችን መቆሙን አላወቅሁም ነበር። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተያየን። ሸሚዙ በላብ ርሷል። አንገቱን ደፍቶ በጎን በር ወጣ። ሲስተር መድረክ ላይ ማይክ ይዘው «መልኬ እኮ ዱሮም እንዲሁ ነው» እያሉ ሰውን ያስቃሉ። እሳቸው ባዳ ሆነው ሊሸፍኑለት ይቀልዳሉ፤ እኔ የአብራኩ ክፋይ ካድኩት።

አንድ ሳምንት ሱቁን አልከፈተም። ቤት ስንገናኝ ስለ ባነሩ አያነሳም፤ እኔም ይቅርታ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ፊቱን ተላጭቶ ወጣ። ኋላ እንደነገረኝ፣ በቀጥታ የሄደው ህትመት ቤት ነው። በሩ ላይ ቆሞ ልጅቷን፣

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እኔ የሰው ፊት ለቀለቅኩ። አላውቅም ልጄ፤ አስተምሪኝ» አላት።

ወንበር ሳበችለት። ያንኑ ፎቶ ከፍታ እያጎላች ስትሄድ የሲስተር ጉንጭ ትንንሽ ካሬ ሆነ።

«ፎቶ ማለት የጠጠር ንጣፍ ነው በሉት። እያንዳንዱ ጠጠር አንድ ቀለም አለው፤ ፒክስል ይባላል። ሲለጥጡት ጠጠሩ ይተልቃል እንጂ አዲስ ጠጠር አይመጣም።»

ቀጥላ በሌላ ፕሮግራም አንድ ፊደል ሣለች። ስክሪኑን እስኪሞላ አጎላችው፤ ጠርዙ አልተሰባበረም።

«ይሄ ደግሞ ቬክተር ነው። እዚህ የሚቀመጠው መስመሩ ከየት እንደተነሳ፣ የት እንደታጠፈ፣ የት እንዳረፈ ነው። መጠኑን ሲቀይሩ እንደገና ይሣላል።»

«ግድግዳ ላይ እኔ እንደማደርገው» አለ አባቴ።

«አዎ፣ ልክ እንደሱ።»

ላየርም ሲባል መስታወት በመስታወት ላይ ደርቦ እንደ መሳል ነው፣ አንዱን ቢጠርጉ የታችኛው አይነካም አለችው። እኔ ሦስት ቀን የጮኽኩበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ሁለት ወር ያህል ተመላለሰ። የሲስተርን ፊት መስመር በመስመር ሣለ፤ ፀጉሩን በአንድ ላየር፣ መነጽሩን በሌላ። አሳትሞ ሊወስድላቸው ሲነሳ «አብሬህ ልምጣ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ነይ» አለኝ።

ሲስተር ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ሥዕሉን ሳይዘረጋ፣

«ሲስተር፣ ኮምፒዩተር አውቃለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ። የህትመት ቤቷ ልጅም አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ኩራቴ አላሰማኝ አለ። በሰው ፊት አዋረድኩዎት» አላቸው።

ሲስተር ሥዕሉን ተቀብለው ብዙ አዩት።

«እኔም መጀመሪያ ሳዋልድ አውቃለሁ ብዬ ገብቼ እጄ ሲርድ ነበር» አሉ። «የእኔን ግን ማንም አዳራሽ ላይ አልሰቀለውም።»

አባቴ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ስንመለስ መንገድ ላይ «አባዬ፣ ያን ዕለት እኔ እንጃ ያልኩት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቻለሁ» አለኝ። ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም። ጎን ለጎን ሄድን።

አሁን ህትመት ቤቱ ውስጥ ግማሽ ቀን ይሠራል፤ ለታፔላ የሚሆን ፊደል የሚሥለው እሱ ነው። በዚያ ሳልፍ ከልጅቷ ጋር አንድ ስክሪን ላይ አጎንብሰው አያቸዋለሁ። ገብቼ ላመሰግናት አስቤ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቴም ተመለስኩ።