ሁለት ሜትር የጎደለው ግቢ

ጎረቤታችንን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ፍሬን» ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ ዶሮ ብታቋርጥ እንኳ ቀጥ ያደርጉ ነበር ይባላል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያመላልሱት አንድ ተሳፋሪ ብቻ ነው፤ ባለቤታቸውን እትዬን። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለባቸው፤ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ እንኳ ያርፋሉ።

በራችን ላይ ያለው መንገድ ሲሰፋ ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ ለጋሽ ፍሬን ከመንገድ ቢሮው ደብዳቤ መጣ። መኪና ግቢው ውስጥ ዞሮ በፊት ለፊቱ መውጣት ካልቻለ፣ በሩ ሰኞ በጠርዝ ድንጋይ ይዘጋል ይላል። ጋሽ ፍሬን ደግሞ ሁልጊዜ የሚወጡት በኋላ ማርሽ ነው፤ እኔ ልጄን አዝዬ አስፋልቱ ዳር ቆሜ «ይምጡ፣ ይምጡ» እያልኩ።

ሐሙስ ከቢሮ የመጣችው መሐንዲስ ግቢውን ለክታ ለመዞሪያ ሁለት ሜትር ይጎድላል አለች። እሳቸው በሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ነክተው እንደማያውቁ ነገሯት፤ መንጃ ፈቃዳቸውን አወጡ፤ በመጨረሻ ለመኗት።

«አባባ፣ እርስዎን አይደለም የፈራሁት፤ በዚያ ፍጥነት የሚመጣውን ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

ከጎረቤት ጋር አንድ በር ብትጋሩ እፈርማለሁ ስትል ተስፋ አደረግሁ። እኛ ግን ተከራይ ነን። አከራያችን ጋ ብደውል አጥሬን ማንም አይነካም ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ዓርብ ጋሽ ፍሬን ቀኑን ሙሉ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ሲያዟዙሩ ዋሉ። እኔ በጠመኔ አሰምርላቸዋለሁ። ሃያ ጊዜ ቢሞክሩ ሃያውንም ጊዜ የመኝታ ቤቱ ማዕዘን ይይዛቸዋል። ሲያቅታቸው መሪው ላይ ግንባራቸውን ደፉ። መንገዱ ዳር መኪና ማቆም ክልክል ነው። በሩ ከተዘጋ እትዬን እስከ መታጠፊያው ማን ይሸከማቸዋል? ያውም በሳምንት ሦስት ቀን።

ቅዳሜ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ፍሬን የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳ እያፈረሱ ነው።

«ለመሥራት ሁለት ዓመት የፈጀብህን ቤት ለማፍረስ እንዲህ ትቸኩላለህ?» አሉ እትዬ፣ ከተኙበት ሳሎን ውስጥ።

«ዝም በይ፣ አቧራው ይገባብሻል» አሏቸው። አልሳቁም። ባሌ ከሥራ ሲመጣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ዶማ ያዘ።

ሰኞ መሐንዲሷ ከሠራተኞቹ ጋር መጣች፤ ድንጋዩ በር ላይ ተራግፏል። ጋሽ ፍሬን እትዬን ከኋላ አስቀምጠው ሞተር አስነሡ። መኪናዋ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት ብላ፣ ከፈረሰው ግድግዳ በአንድ ክንድ ርቃ ዞረች፤ አፍንጫዋን ለመንገዱ ሰጠች። መሐንዲሷ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ፈረመች።

እትዬ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ዝናብ ሳይመጣ ለመኝታ ቤቱ ላስቲክ ፈልጊልን» አሉኝ።