የወዳጆ ጩኸት በገብረየሱስ ቀብር

የልጄ የጥሩሸዋ ባል ወዳጆ ባና ሠሪ ነው፤ ከበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይሠራል። ከሞላሌ በስተምሥራቅ፣ አገሩ ድንገት ወደ ቆላ ከሚቆረጥበት አፋፍ አጠገብ እንኖራለን። ወዳጆ ጥሩሸዋን ሊያጭ ሽማግሌ ሲልክ፣ ሽማግሌዎቹ “ዝምተኛ ነው” ብለው ሌላ የሚሉት አጡ። እኔም ከሚጮህ ይሻላል ብዬ ሰጠሁ። በጥር ተጋቡ። በሠርጉ ማግስት “እንዴት አደራችሁ?” ስለው “ደህና” አለኝ። እስከ ፋሲካ ሌላ ቃል አልጨመረም።

የመጀመሪያ ልጃቸው እስከዳር ናት። ቆንጆ ናት። ይህን ደፍሬ የጻፍኩት ወረቀት ላይ ስለሆነ ነው፤ በአፌ ብናገረው እንትፍ ማለት አለብኝ። በእኛ ዘንድ ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን የተለመደ አይደለም፤ ዓይን ያርፍበታል። የወፈረውን “ምነው ከሳ” እንላለን። ምስጋና ያመለጠው ሰው ቶሎ ብሎ እንትፍ ይላል።

እስከዳር አምስት ዓመት ሞልቷት አልተናገረችም። ስሟ ሲጠራ አትዞርም። የተነደፈ የበግ ጠጉር ካገኘች ፊቷን ቀብራበት ግማሽ ቀን ትቀመጣለች። ጠበል ወሰድናት። ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠጣዋለሁ፤ እሷ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ስለምትፈራ በሰባተኛው ቀን እኛ ደከምን፣ እሷ አልደከመችም።

ከሁሉ የከፋው ጉሙ ነበር። ጉም ከቆላ ተነሥቶ ወደ አፋፉ ሲወጣ ልትይዘው ትሄዳለች። አንድ ቀን ሣር የምታጭድ ሴት፣ እስከዳር ከገደሉ አንድ እርምጃ ሲቀራት ደርሳ ቀሚሷን ጨበጠች። በዚያው ሳምንት ወዳጆ ከበግ ጠጉር ገመድ ገመደ። ወገቧን እንዳይቆርጣት የሚያርፍበትን ቦታ በባና ለበጠው። ሌላውን ጫፍ ከምሰሶው ጋር አሰረ። ለክቶ ነው የሠራው፤ እስከ ደጃፉ ትደርሳለች፣ ከደጃፉ አታልፍም። እንዲህ ሆና ሦስት ዓመት ኖረች።

በ2005 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለወዳጆ ወረቀት ጻፈችለትና ልጅቷን ይዞ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ ኦቲዝም ነው አሉት። የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ወላጅ አያያዙን ከተማረ ግን ልጅቷም ብዙ ነገር ትማራለች አሉት። በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ መማር አለብዎት ሲሉት “ከመንዝ?” አለ። ስለዚህ ትምህርቱ በስልክ ሆነ።

የምታስተምረው እየሩስ የምትባል ወጣት ናት። በየማክሰኞው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትደውላለች። ኔትወርክ የሚገኘው ከአውድማው በላይ ካለች ቋጥኝ ላይ ነው። ወዳጆ ቋጥኟ ላይ ይቆማል፣ እኔና ጥሩሸዋ ከሥሩ እንቀመጣለን፣ እስከዳር በገመዷ ከጥሩሸዋ ወገብ ጋር ትታሰራለች። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ነው የሚነገረው፤ ጆሮው ላይ ካደረገው እሷ ያለችውን ለእኛ አይነግረንም።

“ጋሼ ወዳጆ፣ እስከዳር ምን ትወዳለች?” አለች በመጀመሪያው ቀን።

“ጉም።”

“ሌላስ?”

“ጠጉር።”

“የምን ጠጉር?”

“የበግ።”

ከዚያ በኋላ ጥሩሸዋ ስልኩን ቀማችውና የቀረውን አስረዳች።

እየሩስ በየቀኑ የሚሞላ ወረቀት በመኪና ላከችልን። ስንቴ ጮኸች፣ ቁሚ ተብላ ስንቴ ቆመች፣ ስንቴ ተመሰገነች፣ እያለ ረድፍ ረድፍ አለው። የምሞላው እኔ ነበርኩ። በስልሳ ዓመቴ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ከቤቱም ሥራ ያልያዘ እጅ ያለኝ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት እየሩስ “እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ ማን ይጠብቃታል?” አለች።

“ገመድ” አለ ወዳጆ።

ስልኩ ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎን “ሃሎ! ሃሎ!” አልን። አልተቆረጠም።

“አለሁ” አለች ቆይታ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለን ነበር። “እንግዲህ ገመዱን የሚተካ ነገር እናስተምራት። ቁሚ ሲሏት መቆም። ገመዱን ፈትታችሁ፣ አንዳችሁ ከኋላ ሆናችሁ በየቀኑ አለማምዷት። ሃያ ቀን ሳታጓድል ከቆመች ገመዱ ይቀራል። ሃያ ካልሞላ ግን እንዳትተዉት፣ አደራ።”

አሠራሩ እንዲህ ነው። እስከዳር ስትሄድ ወዳጆ ከሩቅ “ቁሚ” ይላል። ጥሩሸዋ ከኋላ ቀስ ብላ ትይዛታለች። እንደቆመች ወዲያው ጠጉር ይሰጣታል፣ ወዲያውም በደስታ፣ በትልቅ ድምፅ ትመሰገናለች። “ጠጉሩና ምስጋናው አብረው ይምጡ” አለች እየሩስ። “ኋላ ጠጉሩ የማይደርስበት ቦታ ምስጋናው ብቻውን ይደርስላችኋል። ግን ቶሎ ነው። ሦስት እስኪቆጠር ካልተመሰገነች ትታችሁ ትሄዳለች።”

ወዳጆ “እሺ ሲስተር” አለ።

“ሲስተር አይደለሁም፣ ጋሼ ወዳጆ።”

“እሺ ሲስተር።”

በዚያው እሷ በስልክ እየሰማች ሞከርነው። ልጅቷ ቆመች። ወዳጆ አጎንብሶ አንድ ነገር አለ።

“አመሰገኗት?” አለች እየሩስ።

“አዎ።”

“እኔ አልሰማሁም እኮ።”

“ለእርስዎ አይደለም።”

“እሷም አልሰማችም!” አለች ጥሩሸዋ ከታች።

ለአሥራ አንድ ቀን በምስጋናው ረድፍ ዜሮ ጻፍኩ። እጄ ዜሮ በመጻፍ በጣም ተሻሻለ። ልጅቷ አንድ ቀን ትቆማለች፣ አንድ ቀን አትቆምም፤ ቆጠራው አንድ ላይ ሲደርስ እየፈረሰ እንደገና ይጀመራል። እየሩስ ምክንያቱን ስትጠይቅ እኔ ተናገርኩ።

“ልጄ፣ ልጅ አይመሰገንም። ዓይን ያርፍባታል።”

እሷም መልሳ ጠየቀችኝ። “እማማ፣ ምስጋና ሲያመልጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?”

“እንትፍ እንላለን።”

“በቃ እሳቸው ያመስግኗት፣ እርስዎ እንትፍ ይበሉ።”

የእኔ ድርሻ በዚህ ተወሰነ። የእሱ ግን እንዳለ ነበር። “ደህና” ከማለት አላለፈም። ጥሩሸዋ በሚቀጥለው ማክሰኞ ስልኩ ላይ ጮኸችበት። “ዋሽቶሽ ነው! መናገር ያውቃል! እርሻ ላይ ለበሬው ሲናገር እኮ የሚዘጋው የለም!”

“ለበሬው ምን ይለዋል?” አለች እየሩስ።

“እሰይ ቦራዬ ይለዋል! ጌታዬ ይለዋል! ወርቄ ይለዋል! እኔን አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም!”

ወዳጆ ወደ ቆላው ዞሮ ቆመ። ጆሮው ቀላ።

“ጋሼ ወዳጆ” አለች እየሩስ፣ ሳቋን ይዛ፣ “እስከዳርንም ልክ እንደዚያው ያመስግኗት።”

“ልጄ በሬ ናት እንዴ?” አለች ጥሩሸዋ፤ ነገሩን ያመጣችው ግን ራሷ ነበረች።

በማግስቱ እስከዳር ወደ አውድማው ስትሄድ “ቁሚ!” አለ። ቆመች። ወዳጆ አንዴ ግራና ቀኝ አየ። ሰው የለም። “እሰይ ቦራዬ!” አለ፣ ድምፁን ለቆ። ልጅቷ ዞረች። በሰው ድምፅ ስትዞር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጠጉሩን ሰጣት። እኔም እንትፍ አልኩ። ወረቀቱ ላይ አንድ ጻፍኩ፤ የአንድ ቁጥር አጻጻፍ ትንሽ ጠፍቶኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቆጠራው አልፈረሰም። አምስት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። በዘጠነኛው ቀን ወዳጆ አመስግኖ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ እስከዳር ራሷ “እንትፍ” አለች። ማክሰኞ ለእየሩስ ነገርናት።

“ድምፅ አወጣች? ቃል ነው? ምን አለች?”

“እንትፍ” አለ ወዳጆ።

“ይጻፉት፣ እማማ” አለች። ጻፍኩት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት የጎረቤታችን የገብረየሱስ ወንድም አፈወርቅ በደጃችን ቆመ። ገብረየሱስ ሌሊቱን አርፏል። “ወዳጆ፣ ቃሬዛውን የምናስርበት በቂ ገመድ አጣን” አለ። “አንተ ዘንድ ጠንካራ አለ ብለውኝ ነው።”

እኔ ጥሩሸዋን አየሁ፣ ጥሩሸዋ ልጇን አየች። ለሞተ ሰው የተጠየቀ ነገር አይከለከልም። ወዳጆ ተነሥቶ መጀመሪያ ከወገቧ፣ ከዚያ ከምሰሶው ፈታና ጠቅልሎ ሰጠው። አፈወርቅ ሲሄድ ወዳጆ ወደ እኔ ዞረ።

“እማማ፣ እጇን ይያዙልኝ።”

ያዝኩ። እነሱ ወደ ቀብር ሄዱ። ከቀብር መልስ ለቅሶው የተደረገው ከቤታችን በታች፣ ከአፋፉ በፊት ባለው ሜዳ ላይ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ከሩቅ አለቅስ ነበር። የዚያን ቀን ጉሙ አርፍዶ ወጣ። ከዚያ አልቃሿ የገብረየሱስን ደግነት አነሣች። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነበር። ለእሱ በአንድ እጅ ደረት መምታት አልሆነልኝም። በሁለት እጄ መታሁ። ዓይኔን ስገልጥ ልጅቷ የለችም።

በሜዳው ዳር ዳር እየሄደች ነበር፣ ፊቷ ወደ ጉሙ። “ቁሚ!” ብዬ ጮህኩ። ለቅሶ ላይ የሚጮህን ሰው የሚያይ የለም፤ እንዲያውም የእኔን ሰምተው ሴቶቹ ባሰባቸው። ጥሩሸዋ ከእነሱ መካከል ነጠላዋን ተከናንባ አቀርቅራለች። ወዳጆ ከላይ በኩል ከወንዶቹ ጋር ቆሟል። በእሱና በልጁ መካከል ለቀስተኛው ሁሉ አለ። ሮጦ አይደርስም።

ወዳጆ አያት።

“ቁሚ!”

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ሰው ይወጣል ብዬ አልገመትኩም። አልቃሿ አቋረጠች። ለቅሶው ጸጥ አለ። እስከዳርም ቆመች፤ ከፊቷ ጉም ብቻ ነበር።

ሦስት እስኪቆጠር ነው ተብሏል። እኔ ደጃፉ ላይ ሆኜ አንድ ብዬ ቆጠርኩ። በሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ወዳጆ ዞሯል። ሁለት አልኩ።

“እሰይ!” አለ ወዳጆ። “እሰይ ቦራዬ! እሰይ ጌታዬ! ወርቄ!”

እየተናገረ ሕዝቡን ሰንጥቆ መራመድ ጀመረ። አፈወርቅ ከፊቱ ቆመ። “ወዳጆ! አብደሃል? የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ በሬ ታወድሳለህ?”

ወዳጆ አልመለሰለትም። ቢመልስለት ምስጋናው ይቋረጣል። በጎኑ አለፈው። “እንዲያ ነው ጌታዬ! ጎሽ ቦራዬ! ማን እንዳንተ!” እያለ በአልቃሿና በሴቶቹ መካከል አቋርጦ ሄደ። ቃል እያለቀበት ሲመጣ ከእርሻ ላይ የሚያውቀውን ሁሉ ጨመረ። የቀንዱን ማማር አነሣ። የትከሻውን ነገር አነሣ። ጥሩሸዋ ገና ያን ጊዜ ቀና ብላ አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ እንደቆመች ሁሉንም ሰማች።

ደረሰ። መጀመሪያ ክንዷን ያዘ፣ ከዚያ ከጋቢው ሥር የተነደፈ ጠጉር አወጣ። ጠጉሩን ለቀብርም ይዞት ሄዶ ኖሯል። ፊቷን ቀበረችበት። ቆይታ ቀና አለችና ወደ ለቀስተኛው ዞራ “እንትፍ!” አለች። አንዳንዶች ለእነሱ መሰላቸው።

ማታ ጥሩሸዋ “ሄዳለች እኮ!” አለችው።

“ቆመች” አለ።

“አምስት ቀን ይቀራል ተብሏል እኮ!”

“ቆመች።”

አንድን ቃል ሁለት ጊዜ ስለተናገረው ክርክሩ በዚያ ቀረ። እኔን ለምን ለቀቅሻት ያለኝ የለም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በሣልስቱ ወዳጆ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ አፈወርቅ ቤት ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። አፈወርቅ መደብ ላይ አስቀመጠንና “እስቲ ተናገር” አለው። “አፍ እንዳለህማ ያን ቀን አይተናል።”

“ገደል ነበር” አለ ወዳጆ።

አፈወርቅ ራሱን ነቀነቀ። “በማግስቱ ሄጄ ዱካዋን አይቻለሁ። ቆመህ ብታየው አንተም ትታመም ነበር።” ከዚያ “ገብረየሱስ ያንተን ድምፅ ሳይሰማ ሞተ” አለ። “ሁልጊዜ ይገርመው ነበር። አንድ ቀን ብትቀድም ኖሮ።” ተነሥቶም ገመዱን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጠቅልሎ መለሰለት።

ማክሰኞ ቋጥኟ ሥር ተቀምጬ ለእየሩስ ወረቀቱን አነበብኩላት። “ረቡዕ። ሄደች፣ አንድ። ቆመች፣ አንድ።”

“ስንቴ ተመሰገነች?”

“አልቆጠርኩትም። ከለቅሶው እስከ አፋፉ ድረስ።”

“ከምኑ?”

ጥሩሸዋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቀንዱንም ሳይቀር። እየሩስ ስታዳምጥ ትንፋሿ ይሰማ ነበር። ከዚያ “ሃያ ቀን ሳይሞላ ለምን ተፈታች?” አለች። “አሁንስ ገመዱ የት አለ?”

“ሬሳ ታስሮበታል” አለ ወዳጆ።

ስላልገባት እኔ አስረዳኋት። ሬሳ የታሰረበትን ገመድ ሕያው ልጅ ወገብ ላይ የሚያስር ሰው በእኛ ዘንድ የለም።

“ሌላ ገመድስ ቤት ውስጥ የለም?”

“የለም” አለ ወዳጆ።

እየሩስ ተነፈሰች። እንግዲያው እጇን የያዘ ሰው ለአንድ አፍታም እንዳይለቅ፣ ልምምዱም በየቀኑ እንዲቀጥል አዘዘችን። እሺ አልን።

እርሳሱ በእጄ ነበር። ጭድ የምናስርበት ገመድ ከደጃፋችን በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ወፍራም ነው፣ ከጠጉሩ ገመድም ይረዝማል፤ ቃሬዛ ከማሰር አልፎ በሬ ይጎትታል። አፈወርቅ በመጣ ጊዜ ወዳጆ ሊፈታላት ሲነሣ አይቶታል። አንገቱን ሰበር አድርጎ በሥሩ አለፈና የእሷን ፈታ።

ይህን አልጻፍኩትም። ወረቀቱ ለእሱ የሚሆን ረድፍ የለውም።