የኖራ ለቅሶ፣ ፍኖተ ሰላም

እስካሁን አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት ኢንተርኔት ሲመለስ የተጠራቀመውን መልእክት ስከፍት የኖራ እህት የላከችውን አገኘሁ። ኖራ ካረፈች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ቀብሯም አልፏል። እኔ ትናንት እንኳ «የክረምቱን ጭቃ ፎቶ አንስቼ ልላክላትና ትሳቅ» እያልኩ ነበር።

ለማታውቋት፦ ኖራ ከአየርላንድ መጥታ እዚህ እኛ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር። የጠመኔ ብናኝ ከፀጉሯ ጠፍቶ አያውቅም።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ተቀይሜያት ነበር።

አባቴ የሞተ ጊዜ መምህራኑ መኪና ተከራይተው እስከ ደምበጫ፣ ከዚያም በእግር እስከ ገጠሩ ቤታችን መጥተው አስተዛዘኑኝ። ኖራ ብቻ ቀረች። ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ካርድ አገኘሁ፤ «ሐዘንህን ተረጋግተህ እንድትወጣ አልረብሽህም» ይላል። በአገሯ ይሄ አክብሮት ነው። እኔ ግን ሰላም ስትለኝ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋት ጀመር።

ነገሩን ያስረዷት አከራይዋ እትዬ ጥሩ ናቸው። «እዚህ አገር ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ሂጂ» አሏት።

ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ገጠር ሄጄ ተቀምጫለሁ፤ ቀና ስል ኖራ በራፉ ላይ ቆማለች። ከደምበጫ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጭቃ በእግሯ መጥታ። የእትዬ ጥሩን ነጠላ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ድንኳኑ ከተነሳ፣ ለቀስተኛውም ከተበተነ ሰንብቷል።

«ዘግይቼም ቢሆን መጣሁ» አለች በአማርኛ። መንገዱን ሙሉ ስትለማመዳት ነው የመጣችው።

እናቴ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘች፤ እስኪመሻሽ አልለቀቀቻትም። በአባቴ ቀብር ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። እናቴ ስትሸኛት «እግዜር ይስጥሽ። አይበለውና አንቺን ክፉ ቢገጥምሽ እዚህ ማን አለሽ?» አለቻት። ተረጎምኩላት። ዝም አለች። ሰኞ ዕለት ሄዳ የሰፈሩ እድር ተመዘገበች።

ከዚያ ወዲህ የቀረችበት ለቅሶ የለም። ሽንኩርት መክተፍ ስላልሆነላት ሴቶቹ ወንበር ደርዳሪ አደረጓት። ስብሰባ ስታረፍድም፣ ሻይ ስታስጠብቀንም ያችኑ ይዛ ትገባለች፤ «ዘግይቼም ቢሆን መጣሁ»። አገሯ ከገባች በኋላ እንኳ በየዓመቱ በልደቴ ማግስት የምትጽፍልኝ እሷኑ ነበር።

ዛሬ መርዶውን ለእትዬ ጥሩ ብቻዬን መንገር አቃተኝ፤ ሁለት ጎረቤት ይዤ ሄድኩ። አልቅሰው ሲበርድላቸው «እድሩ ይጠራ» አሉ። አንድ ጎረምሳ «አገሯ ከገባች እኮ ቆየች፣ ተቀብራለችም» ማለቱ አልቀረም። የእድሩ ዳኛ መዝገቡን ገልጠው አዩና «ስሟን የሰረዘ የለም። ድንኳኑ ይተከል» አሉ።

ይሄን የምጽፈው ድንኳኑ ውስጥ ሆኜ ነው። ያስተማረቻቸው ልጆች ወንበር እየደረደሩ ነው። እናቴም ከገጠር ተነስታ መንገድ ላይ ናት።

ኖራዬ፣ እናቴ «እዚህ ማን አለሽ?» ብላሽ ዝም ብለሽ አልነበር? የእትዬ ጥሩ ግቢ መቀመጫ ጠፍቶበታል። ደህና ሁኚ እህቴ። ዘግይተንም ቢሆን መጥተናል።