የምርምር ቤት ፍለጋ በፎገራ ሜዳ

ማክሰኞ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጎሕ ሳይቀድ እህል ጫኝ መኪና ጋቢና ውስጥ ገባን፤ ሹፌሩ፣ ዶክተር አድማሱና እኔ። ማይክሮስኮፑ በእንጨት ሣጥኑ ጭኔ ላይ ነው። ዶክተር አድማሱ አዲስ አበባ ሥነ ሕይወት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ዛሬ እኔም መምህርት ነኝ። አምና ሥራቸውን ለቀው አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሡ፤ ለማንም መሥሪያ ቤት ያላደረ፣ ከፍተኛ ትምህርት የዘለቁ ወጣቶች ውሃውን፣ ሣሩንና ከብቱን እዚያው በቦታው የሚያጠኑበት የምርምር ተቋም ማቆም። ከጃንሆይ መንግሥት ፈቃዱን አግኝተዋል። የቀረው መሬት ነው። እኔ ሦስት ቀን ላግዛቸው መጣሁ።

«አዲስ አበባ ለምን አያቆሙትም?» አላቸው ሹፌሩ፣ የዓባይን ድልድይ ስንሻገር።

«ከብቱ ያለው እዚህ ነዋ!»

ረፋድ፣ ከሐሙሲት ወዲያ

ሐሙሲት ወርደን የጓያ ሽሮ በላን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ተዘረጋ። ክረምቱን ያጥለቀለቀው የጉማራ ወንዝ ውሃ ገና መሸሹ ነው። ገበሬው ጥቁሩ ጭቃ ሳይደርቅ ሽምብራ ይዘራል፤ ከፍ ያለው መሬት በኑግ አበባ ቢጫ ለብሷል። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ረግረግ ገብተው ይግጣሉ። ዶክተሩ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው እንደ ልጅ ይቆጥሯቸዋል።

ከሰዓት በኋላ፣ ወረታ

የአገሩ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ሾላ ሥር ጠበቁን። ዶክተሩ ከመንገዱ ዳር ካለው ግጦሽ ጥቂት መሬት ለመኑ። የመለሱላቸው አያ ብሩ፣ ሁሉም የሚሰማቸው ገበሬ ናቸው።

«ጌታው፣ ውሃው ሲመጣ ከብታችን የሚሸሽ ወደዚያ ነው። እሱን ሰጥተን ወዴት እንድረስ? ደግሞስ መሬት ሊለካ የመጣ ሰው ሁሉ ለጥቅማችሁ ነው ነው የሚል።»

ዶክተሩ አልተከራከሩም። ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ግን፣ «ተሳስቼ ይሆን?» አሉኝ። እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ረቡዕ

ጧት አንዲት ሴት ደጃችን ቆማ አገኘናት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ባሏ ሞቶባት መሬቷን በሰው እያሳረሰች የምትኖር የቤት እመቤት ናት።

«ላሜ ከስታ ከስታ ሞተችብኝ። ከምን እንደሞተች ንገሩኝ።»

«የከብት ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ልያት» አሉ ዶክተሩ።

ከግቢዋ ሄደን ዶክተሩ የላሚቱን ጉበት ሲከፍቱት ዝርግ፣ ቅጠል የመሰሉ ትሎች ወጡ። ከዚያ ወደ ረግረጉ ወርደን ጥፍር የማታክል ቀንድ አውጣ ለቀምን። ዶክተሩ ጨፍልቀው ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረጓትና ወይዘሮ ጥሩወርቅን ጠሯት።

«ይኸ ጅራታም ነገር ይዋኛል!»

«የትሉ ልጅ ነው። ከቀንድ አውጣዋ ወጥቶ ሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ ላም ስትግጥ አብራ ትውጠዋለች። አድጎ የሚጥለው እንቁላል ደግሞ ከእበቷ ጋር ይወጣል፤ እበቱን በዚህ መሣሪያ ያየ ሰው የታመመችውን ይለያል።»

«መከላከያውስ?»

«አላውቅም» አሉ ዶክተሩ። «በየትኛው ወር ከየትኛው ረግረግ መራቅ እንዳለባችሁ ለማወቅ፣ ዓመት ከዓመት እዚሁ መቀመጥ ያስፈልጋል።»

ወሬው ተሰማና ሰው ተሰበሰበ። አያ ብሩም መጡ። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ሐዲስ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በማይክሮስኮፑ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ለዚህ ሥራ አዳራሽ ማቆም ነበር የምትሹ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እኔ ቅኔ የተማርሁ ከሣር ጎጆ ነው። ተማሪ መምህር ወዳለበት እንጂ ቤት ወዳማረበት አይሄድም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አጣፋች። «ከመንገዱ ዳር፣ ውሃ የማይደርስበት የባሌ የእህል ቤት አለኝ። ባዶ ነው፤ ግቡበት። ግን ያገኛችሁትን በፈረንጅ አፍ ጽፋችሁ ይዛችሁብን እንዳትሄዱ። መጀመሪያ ለኛ፣ በኛው አፍ ትነግሩናላችሁ።»

ዶክተሩ ብድግ ብለው እጅ ነሷት። «እግዜር ምስክሬ ነው» አሉ። አያ ብሩ ግን በትራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ሐሙስ

ጧቱን ቤቱን ጠርገን፣ ግድግዳውን በጭቃ መርገን፣ ወለሉን ለቀለቅን። ከመስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ዱካ። ተቋሙ ይኸው ነው።

ቀትር ላይ ያመጣን መኪና ከጎንደር ተመልሶ ጡሩንባውን ነፋ። «ሂጂ፣ ተማሪዎችሽ ይጠብቁሻል» አሉኝ ዶክተሩ። ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። ደጅ ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሦስት ጎረቤቶቿን አቁማ የቀንድ አውጣዋን ነገር ታስረዳለች፤ በእጇ ጅራቱን እያሳየች፣ እኔ ክፍል ውስጥ ከማስተምረው አብልጣ። ቆሜ ሰማኋት። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ለትምህርት ቤቴ ዳይሬክተር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፈቃድ እንዲሰጠኝ ጻፍሁና ለሹፌሩ ሰጠሁት።

«ቢከለክሉሽስ?»

«እዚሁ ነኝ በልልኝ።»

መኪናው ከዓይኔ ሲርቅ አያ ብሩ በሜዳው መሐል ሲመጡ አየሁ፤ በቀኝም በግራም እጃቸው በጉሎ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ገብተው ጠረጴዛው ላይ ለየብቻ አስቀመጡት። ትኩስ እበት ነው።

«ይኸ የወይኖ፣ ይኸ የቦራ» አሉ በሬዎቻቸውን ስም እየጠሩ። «አንች ልጅ፣ እንዳታቀላቅይብኝ።»