መጻጉዕ የሰው ስም መስሎኝ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ልውል አልቻልሁም። ፊደል ብዙም አልዘለቅሁ፤ ሲምታታብኝ ታገሡኝ።

አገሬ ኮሶዬ ነው። አንድ ጧት በሬ ልጠምድ ቀንበር ሳነሣ ቀኝ ጎኔ ከዳኝ። ወደቅሁ። ልነሣ ብል እጄም እግሬም የሌላ ሰው ሆኑብኝ። ጎረቤት ደርሶ «አያ ሞላን መጋኛ መታው!» አለ። እህቴ «ኧረ ልምሻ ነው!» ብላ አለቀሰች። በቃሬዛ መንገድ አድርሰው በማኪና ጎንደር አወረዱኝ። ሐኪሙ ደግሞ «አባት፣ ግማሽ ሰውነትዎ ፓራላይዝ ሆኗል» አለኝ።

ግራ ገባኝ። ሰው እንዴት በአንድ ጧት ሦስት በሽታ ይይዘዋል? እጠይቅ ነበር፤ አፌ ተጣሞ ማን ይስማኝ!

ልጄ እዚያው ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ጌታን ያመነች ናት። እሷ ቤት ተኛሁ። ሐኪሙ እንዳሳያት እግሬን ታሸዋለች፣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፤ ምንም የለም። እንደ ሕፃን ስታገላብጠኝ ከኀፍረት ዓይኔን እጨፍናለሁ። «ወይ አንሣኝ፣ ወይ ውሰደኝ» እላለሁ፤ ለማን እንደምል እንኳ በቅጡ አላውቅም።

አፌ ትንሽ ሲፈታ የቤተ ክርስቲያኗ ወንጌላዊ ሊጸልይልኝ መጣ። በመጠመቂያው አጠገብ ብዙ ዘመን ተኝቶ ኢየሱስ ስላስነሣው ሰው ነገረኝ።

«እሱንማ አውቀዋለሁ፤ መጻጉዕ ነው» አልሁት። «በዐቢይ ጾም በስሙ እሑድ አለው። የታደለ ሰው!»

«አባባ፣ ጎረቤትህ አስመሰልኸው እኮ!» ብላ ልጄ ሳቀች።

ወንጌላዊው ግን «አያ ሞላ፣ መጻጉዕ የሰው ስም መሰለዎት?» አለኝ።

«ታዲያ የምን ስም ነው?»

«ግእዝ ነው። መነሣት ተስኖት የተኛ ድውይ ማለት ነው። የሰውየው ስም አልተጻፈም።»

«ምነው ሳይጻፍ ቀረ?»

«እኔንጃ» አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ የአንድ ሰው ስም፣ ተአምሩም የእሱ ብቻ መስሎኝ! ለካ መጋኛ ያሉኝም፣ ልምሻ ያሉኝም፣ ፓራላይዝ ያሉኝም አንድ ነገር ነው፤ መንቀሳቀስ ማቃት። «እንግዲያ መጻጉዕ እኔ ነኝ» አልሁ፤ እንባዬ መጣ። «ኢየሱስ ሆይ፣ ያን ሰው እንዳየኸው እየኝ።» ያን ዕለት አመንሁት። ክብር ለስሙ ይሁን!

እየጸለዩልኝ ሳለ ጋቢው ከእግሬ በኩል ሲነቃነቅ አየሁ። «ያችን ድመት አስወጡልኝ!» አልሁ። ወገኖቼ፣ በቤቱ ድመት የለም! የእግሬ አውራ ጣት ናት! ሃሌ ሉያ! ልጄ እልል አለች፤ እኔ ገና ድመቷን እፈልጋለሁ።

ሐኪሙ ሲያየኝ «ሸጋ ነው፤ ማሸቱን ስላልተዋችሁ ነው፤ ቀጥሉበት» አለ። ልጄ «ጌታ ነው» ትላለች። እኔ መለየቱ አልሆነልኝም፤ የምታሸኝን ልጅስ የሰጠኝ ማን ሆነና? ዛሬ በምርኩዝ እሄዳለሁ። ቀኝ እጄ ግን እንደተጨበጠ ነው። እግሬን አንሥቶ እጄን ለምን እንዳቆየው አልገባኝም። እጠይቀዋለሁ፤ አይቆጣኝም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የተኛህበትን ነገር ስሙን ባታውቀው አትፍራ። እኔን ሳይገባኝ ነው ያነሣኝ። አንተም ሳይገባህ እመነው፤ አንቺም። እንግዲህ ልቀመጥ። ተዉ፣ አትደግፉኝ፤ ራሴ እቀመጣለሁ። ተመስገን!